ባለ አንድ ጎማዬን መብራት መታብኝ፤ የሄደው ቻርጀሩ ነው ወይስ ቦርዱ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእርስዎ። ባለ አንድ ጎማ ኤሌክትሪክ ዩኒሳይክል አለኝ። ባለ 84 ቮልት ነው። እህቴ ከአሜሪካ በካርጎ ልካልኝ አዲስ አበባ ውስጥ ወራት ነድቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ማታ ቻርጅ ላይ እያለ መብራት ሄደ። ሲመለስ የቤታችን አምፖሎች ለጥቂት ሰከንድ ከመጠን በላይ ደመቁ። ወዲያው ቻርጀሩ ጧ ብሎ ጠፋ፤ የመቃጠል ሽታም ነበረው። በዚያው ምሽት የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ተቃጥሏል። ማሽኑ ስከፍተው ይበራል፣ ባትሪው 61 በመቶ ይላል፣ ስወጣበትም ሚዛኑን ይጠብቃል። የጓደኛዬን ቻርጀር ስሰካበት ግን አረንጓዴ መብራት ያሳያል እንጂ አይሞላም። የጓደኛዬ ማሽን ባለ 67 ቮልት ነው። አንድ ጠጋኝ ደግሞ ‹ቦርዱ ሄዷል፣ ባትሪውም ተጎድቷል› ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀኝ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ለቦርድ ገንዘብ አትክፈል፤ ቢያንስ ገና። ከጻፍከው ተነስቼ ስፈርድ የሞተው ቻርጀሩ ነው። ከቻርጀሩ ቀጥሎ ያለው የባትሪው መግቢያ አብሮ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን እንለካለን። ቦርዱ ግን እየሠራ ነው። ይህን ለማለት ያስቻለኝ አንተው ሳታውቀው ያደረግከው ምርመራ ነው።

«ስወጣበት ሚዛኑን ይጠብቃል» ብለሃል። እስቲ ይህ ማሽን ሚዛን ለመጠበቅ ምን ምን እንደሚያስፈልገው እንይ። ቦርዱ ላይ ጋይሮስኮፕና አክስለሮሜትር አለ። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበልህን ያለማቋረጥ ይለካል። የቦርዱ አንጎል የሆነው ማይክሮኮንትሮለር ያንን ተቀብሎ ቢያንስ ስድስት ለሚሆኑ ሞስፌቶች (በጣም ፈጣን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ትእዛዝ ይሰጣል። ሞስፌቶቹ በሦስቱ ወፋፍራም ሽቦዎች ወደ ሞተሩ ከረንት ይልካሉ። ሞተሩ ውስጥ ያሉት ሆል ሴንሰሮች ደግሞ ጎማው የት እንደደረሰ መልሰው ይናገራሉ። ይህን ሁሉ የሚመግቡት የባትሪውን ቮልቴጅ መጀመሪያ ወደ 12 ወይም 15፣ ከዚያ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርዱ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ቢሞት ማሽኑ ወይ አይበራም፣ ወይ እየጮኸ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ እግርህን እንዳሳረፍክ ይወድቃል። ያንተ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስለዚህ ጠጋኙ «ቦርዱ ሄዷል» ያለህ ማሽኑን ሳይከፍትና ሳይለካ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልግ።

ግራ ያጋባህ የጓደኛህ ቻርጀር ነው። እሱም ቢሆን ምንም አልተበላሸም፤ የማሽንህ ልክ አይደለም እንጂ። ባለ 67 የሚባለው በትክክል 67.2 ቮልት ነው። 16 ሴሎች በተከታታይ ታስረው እያንዳንዳቸው ሲሞሉ 4.2 ቮልት ይደርሳሉ ማለት ነው። ያንተ 20 ሴሎች ናቸው፤ 20 ጊዜ 4.2 ሲባዛ 84 ይመጣል። አሁን ባትሪህ 61 በመቶ ላይ ስለሆነ 75 ቮልት ገደማ አለው። 67.2 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር 75 ቮልት ወዳለው ባትሪ ከረንት መግፋት አይችልም። የሚቀበለው ሲያጣ «ሞልቷል» ብሎ አረንጓዴ ያበራል። ስለዚህ ያ ሙከራ ስለ ባትሪህም ሆነ ስለ መግቢያው ምንም አልነገረንም።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር አደራ ልበልህ። በዚህኛው አቅጣጫ መሳሳት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ተቃራኒው ግን ቤት ያቃጥላል። የባለ 100.8 ቮልት ማሽን ቻርጀር ባንተ ላይ ቢሰካ እያንዳንዱን ሴል ወደ 5 ቮልት ሊገፋ ይሞክራል። በዚያ ጊዜ በባትሪውና በእሳት መካከል የሚቆመው ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪ ጠባቂ ቦርድ ብቻ ነው። ጃኮቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ክብ ባለ ሦስት ፒን ጃክ በብዙ ማሽኖች ላይ አለ፤ የቱ ፒን ፖዘቲቭ፣ የቱ ኔጌቲቭ እንደሆነ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። «ገባልኝ» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም። ከአሁን በኋላ የሰው ቻርጀር ከመሰካትህ በፊት መለያው ላይ ያለውን ቮልት አንብብ፣ ፖሉንም በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ለካ።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ። መብራት ሲመለስ አምፖሎቹ ለሰከንዶች ደመቁ ብለሃል። ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው። ተራው የመብራት ምት ከማይክሮሰከንድ እስከ ሚሊሰከንድ ነው የሚቆየው፤ በዓይን አይታይም። አምፖል ለሰከንዶች ከደመቀ ቮልቴጁ ወጥቶ እዚያው ቆይቷል ማለት ነው። የጎረቤትህ ቴሌቪዥን አብሮ መቃጠሉም ይህንኑ ይደግፋል። የዚህ ዓይነት ነገር በጣም የታወቀው ምክንያት የኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መላላት ወይም መበጠስ ነው። ወደ ሰፈር የሚመጣው ሦስት ፌዝ ነው። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380። ኒውትራሉ ሲጠፋ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች 380ውን ይካፈሉታል፤ ድርሻቸው ግን እኩል አይደለም። ብዙ ዕቃ የከፈተው ቤት ትንሽ ቮልት ይደርሰዋል፤ ጥቂት ዕቃ የከፈተው ብዙ። ማታ አንድ ሁለት አምፖልና አንድ ቻርጀር ብቻ የሰካ ቤት ነው እንግዲህ የሚመታው።

ይህ ልዩነት ለጥገናው ወሳኝ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ቻርጀሩ ውስጥ የገባው 220 ቮልት መጀመሪያ በብሪጁ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ አራት ዳዮዶች) ተስተካክሎ ወደ 311 ቮልት ዲሲ ይቀየራል። ይህን የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ 400 ወይም 450 ቮልት ነው የሚችለው። 380 ቮልት ከገባ ግን ካፓሲተሩ ላይ የሚደርሰው 537 ቮልት ይሆናል። ይህን አይሸከምም። ከፊት ለፊቱ ቫሪስተር የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ቢጫ የሆነ ክብ ዝርግ ነገር አለ። ላዩ ላይ 471 የሚል ቁጥር የያዘው የተለመደ ነው። የቫሪስተር ሥራ አጭሩን ምት መዋጥ ነው። ለሰከንዶች የሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣበት ግን ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ሾርት ይሆናል። ያን ጊዜ ፊውዙ ይበጠሳል። «ጧ» ያለው ቫሪስተሩ ሊሆን ይችላል።

እሱ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ቫሪስተሩና ፊውዙ ቀድመው ሞተው ሌላውን አትርፈዋል። ካልሆነ ካፓሲተሩ፣ ብሪጁ፣ የቻርጀሩ ሞስፌትና እሱን የሚነዳው አይሲ (ቺፕ) ተያይዘው ሄደዋል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ መክፈት ያስፈልጋል።

ከመክፈትህ በፊት ስማኝ። ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎም ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በተለይ ሌላው ክፍል ሞቶ ቻርጁን የሚበላው ሲጠፋ ለረጅም ጊዜ ይይዛል። በጠመንጃ መፍቻ አታገናኘው፤ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል፣ የቻርጀሩንም ቦርድ ይበላል። አሮጌውን ባለ ክር አምፖል በሽቦ የካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳርፍ፤ ከዚያ በመልቲሜትር ለክተህ ዜሮ አጠገብ መድረሱን አረጋግጥ። ይህን የመሰለ ሥራ ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ ለቴሌቪዥንና ለፓወር ሰፕላይ ጠጋኝ ስጠው። የባለ አንድ ጎማ ባለሙያ መፈለግ የለብህም። የቻርጀር ሆድ ከማንኛውም ፓወር ሰፕላይ ሆድ አይለይም፤ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡት ሱቆች ዘንድ ዕቃውም ሰውም አይጠፋም።

ፊውዙን በመጀመሪያ እይ። ብርጭቆው ንጹሕ ሆኖ ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ብርጭቆው ውስጡ ጠቁሮ ወይም እንደ መስታወት ከተለበጠ ከበስተጀርባው ከባድ ሾርት ነበረ ማለት ነው። የፊውዝ ቦታ ላይ ሽቦ አስሮ «እስቲ እንሞክረው» የሚል ሰው ካጋጠመህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። የዛሬው ጥገና ነገ የቤት ቃጠሎ ይሆናል።

ከፊውዙ ቀጥሎ ቫሪስተሩን እይ፤ ተሰንጥቆ ወይም ጠቁሮ ይታያል። ካፓሲተሩ አናቱ አብጦ ወይም ፈሳሽ አውጥቶ እንደሆነ ተመልከት። ከዚያ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርገህ ብሪጁን ለካ። አራቱም ዳዮዶች በአንድ አቅጣጫ ከ0.4 እስከ 0.6 አካባቢ ማንበብ አለባቸው፤ በሌላው ግን ምንም ማንበብ የለባቸውም። ቀጥሎ የሞስፌቱን ድሬንና ሶርስ የሚባሉ ሁለት እግሮች ለካ። ዜሮ ካነበበ ሞቷል። እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኝ ይሳሳታል። ሞስፌቱን ብቻ ይቀይርና ይሰካዋል፤ አዲሱ ሞስፌት በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ሞስፌት ሾርት ሲሆን ብቻውን አይሄድም። ከሶርሱ ሥር ያለችውን ከአንድ ኦም በታች የሆነች ከረንት የምትለካ ሬዚስተር ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜም የሦስተኛውን እግር፣ የጌቱን፣ ሬዚስተርና አይሲውን ይጨምራል። እነዚህ በጥቅል ይቀየራሉ ወይም በጥቅል ይለካሉ።

ተጠግኖ ሲያልቅ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩት። ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ ባለ ክር አምፖል ከፌዙ ጋር በተከታታይ ይግባ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርት የለም። ደምቆ ከቀረ ገና አልተጠገነም፤ ግን ምንም ነገር አይፈነዳም። ይህችን አምፖል የማይጠቀም ጠጋኝ ላይ እኔ እምነት የለኝም።

ከዚያ ወሳኙ ልኬት ይመጣል። ቻርጀሩ ማሽኑ ላይ ሳይሰካ ባዶውን መውጫውን ለካ። 84.0 ማንበብ አለበት፤ ከ83.8 እስከ 84.2 ቢሆን ችግር የለም። ከ84.5 በላይ ካነበበ አትጠቀምበት። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው የመልስ መንገድ፣ ማለትም ኦፕቶካፕለሩና የማመሳከሪያ አይሲው፣ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቻርጀር ሙሉ በሙሉ ከሞተው ይልቅ አደገኛ ነው። የሞተው ባትሪህን አይነካም።

ልጠግን ወይስ አዲስ ልግዛ ብትለኝ፣ ጉዳቱ ከፊውዝና ከቫሪስተር ካለፈ አዲስ ግዛ እልሃለሁ። ቻርጀር ከእህትህ ጋር በሻንጣ ሊመጣ የሚችል ዕቃ ነው። ስታዝ ሦስት ነገር አረጋግጥ። መግቢያው 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ይበል። መውጫው 84 ቮልት ይሁን። ጃኩና ፖሉ የማሽንህ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አንዳንድ ቻርጀሮች 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አላቸው። ያ ማብሪያ 115 ላይ እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ በመጀመሪያው ሰከንድ ይሞታል። ያንተ ወራት ስለሠራ ይህ አልደረሰበትም፤ አዲሱ ላይ ግን ተጠንቀቅ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ምቱ ከቻርጀሩ አልፎ ይሆን? ብዙ ጊዜ አያልፍም። የቻርጀሩ የሶኬት ወገንና የባትሪ ወገን በትራንስፎርመር የተለያዩ ናቸው፤ በመዳብ አይገናኙም። የሶኬቱ ወገን ሲሞት ትራንስፎርመሩ ሥራ ያቆማል፤ ወዲያ ማዶ የሚሻገር ነገር አይኖርም። ጥቂት ቮልት ቢሻገር እንኳ ገና ያልሞላ ባትሪ ይውጠዋል። ትልቅ ሮቶ ውስጥ አንድ ጆግ ውሃ ቢደፋ የውሃው ከፍታ ለውጡ እንደማይታወቅ ነው። የበለጠ የሚያሰጋው ባትሪው ሞልቶ፣ ቢኤምኤሱ መግቢያውን ዘግቶ፣ ቻርጀሩ ግን እንደተሰካ ሲመታ ነው። ያን ጊዜ ምቱን ብቻውን የሚቀበለው የመግቢያው ሞስፌት ይሆናል። ያንተ ከምቱ በኋላ 61 በመቶ ስላለ በዚያ ሁኔታ ላይ አልነበረም።

ለማረጋገጥ ግን ለካ። የማሽኑ ቻርጅ ጃክ ላይ መልቲሜትር አድርግ። ሁለቱ ጫፎች እንዳይነካኩ ተጠንቀቅ፤ ባትሪው ጉልበቱን ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ይለቃል። 75 ቮልት አካባቢ ካነበብክ መንገዱ እስከ ባትሪው ያልተቆረጠ ነው። ዜሮ ካነበብክም አትደንግጥ። አንዳንድ ማሽን ከረንት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ዳዮድ አለው፤ ጤነኛ ሆኖም ዜሮ ያሳያል። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ትክክለኛ የ84 ቮልት ቻርጀር ነው። ባትሪው 61 በመቶ ላይ እያለ ቀይ አብርቶ መሙላት ከጀመረ ነገሩ አልቋል። ትክክለኛ ቻርጀር ተሰክቶም አረንጓዴ ካለ የተቋረጠው ከጃኩ እስከ ባትሪው ባለው መንገድ ላይ ነው። የጃኩ ሽቦ፣ በመንገዱ ላይ ያለ ፊውዝ ወይም የቢኤምኤሱ የመግቢያ ሞስፌት ይመረመራል። አንዳንድ ማሽን ላይ የቻርጅ መንገዱ በዋናው ቦርድ በኩል ስለሚያልፍ የሽቦውን መንገድ ተከትሎ ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ «መፍትሔ» ሊያቀርቡልህ ይችላሉ። ቢኤምኤሱን ዘለው ቻርጅ ጃኩን በቀጥታ ባትሪው ላይ ያስሩታል። ማሽኑ ይሞላል፤ አንተም አመስግነህ ትሄዳለህ። በፍጹም አትቀበል። በባለ አንድ ጎማ ላይ ቢኤምኤሱ ስትነዳ ብዙ ጊዜ ባትሪውን አይቆርጥም፤ ቢቆርጥ ሰውየው በፊቱ ይደፋልና። ዋናው ሥራው በቻርጅ ሰዓት ነው። አንድ ሴል ከ4.2 ቮልት ብዙ ሳይርቅ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሴሎቹንም ያመጣጥናል። እሱን መዝለል ማለት ያለችህን አንዲት ጠባቂ ማሰናበት ነው። ቢኤምኤሱ ከሞተ በራሱ ዓይነት ይቀየር። ቀያሪውም ባትሪ የሚያውቅ ሰው ይሁን። ከየሴሉ ወደ ቢኤምኤሱ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በተራቸው ካልገቡ አዲሱ ቢኤምኤስ ወዲያው ይቃጠላል።

ባትሪው ራሱ ተጎድቷል የሚለውን ወሬ የሚያጸድቅ ነገር በጻፍከው ውስጥ አላየሁም። ግን ከእንዲህ ያለ ምሽት በኋላ ባትሪን ማየት ግዴታ ነው። ማሽንህ የሴሎቹን ቮልት በስልክ መተግበሪያ የሚያሳይ ከሆነ እዚያ እይ። ካልሆነ ባትሪውን የከፈተው ሰው በተከታታይ የታሰሩትን ሃያ የሴል ቡድኖች አንድ በአንድ ይለካቸው። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.03 ቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ0.1 በላይ ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ። አንዱ ቡድን እንኳ ከ2.5 ቮልት በታች ከወረደ፣ ካበጠ፣ ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ካወጣ ወይም ሳይነካ ከሞቀ ያንን ባትሪ ቻርጅ አታድርግ። ከቤት አውጥተህ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀህ አስቀምጠው። ባትሪ መቀየር ካስፈለገህ ደግሞ እህትህን በሻንጣ አምጪልኝ አትበላት። በመንገደኛ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ክልክል ነው። የባለ አንድ ጎማ ባትሪ ብዙ መቶ ዋት-ሰዓት ነው። በካርጎ በሕጋዊው መንገድ ብቻ ይምጣ።

ሌሎች ይህንን የሚያነቡ ሰዎች ማሽናቸው ከምቱ በኋላ ጭራሽ አልቆም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቦርዱ ጥቂት ልበል። ማሽኑ ጠፍቶ ጎማው በእጅ ሲዞር የሚከብድና የሚንገጫገጭ ከሆነ ሞስፌት ሾርት ሆኗል ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሦስቱን ወፋፍራም የሞተር ሽቦዎች ከቦርዱ ንቀል። ጎማው ከቀለለ ጥፋቱ ቦርዱ ላይ ነው፤ ካልቀለለ ሞተሩ ወይም ሽቦው። ከዚያ ባትሪው ተነቅሎ፣ ካፓሲተሮቹ ባዶ ሆነው፣ በዳዮድ ሞድ ይለካል። ጥቁሩ ገመድ የቦርዱ ፖዘቲቭ ላይ፣ ቀዩ በየተራ ሦስቱ ፌዞች ላይ። ቀጥሎ ቀዩ ኔጌቲቩ ላይ፣ ጥቁሩ በየተራ ሦስቱ ፌዞች ላይ። ስድስቱም ንባቦች 0.4 እስከ 0.5 አካባቢ ሆነው መቀራረብ አለባቸው። ዜሮ ያለበት ሞቷል። ስድስቱም ደህና ሆነው ማሽኑ ካልበራ 15፣ 5 እና 3.3 ቮልቶቹ ይፈለጉ። እነሱም ካሉ የሆል ሴንሰሮቹ አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታዩ።

ቦርዱ መሞቱ ከተረጋገጠ የእኔ ምክር አዲስ ቦርድ ነው። ለቴሌቪዥን ቢሆን ሞስፌት ቀይረህ ተጠቀም እላለሁ። ቴሌቪዥን ድጋሚ ቢጠፋ ማንንም አይጎዳም። በዚህ ማሽን ላይ ግን አቁሞ የሚይዝህ ቦርዱ ብቻ ነው። ሌላ እግር፣ ሌላ ጎማ የለውም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄድክ አንዲት የተዳከመች ሞስፌት ብትለቅ ለማሰብ ጊዜ አታገኝም፤ አስፋልቱ ላይ ነህ። ቦርዱ ሲቀየር ቁጥሩና ቨርዥኑ ከማሽኑ ጋር ይዛመድ። ሲገባም በተስተካከለ መሬት ላይ ካሊብሬሽን (ቀጥ ያለውን ቦታ ለቦርዱ ማሳወቅ) ይደረግ።

አንተ ጋ እንመለስና፣ ትክክለኛው ቻርጀር ሲገኝ የመጀመሪያውን ቻርጅ ማታ አታድርግ። ቀን፣ በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ከመውጫ በር ርቆ፣ አንተ እያየኸው ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ የባትሪውን ወገን በእጅህ ዳስስ። ሞቅ ማለት ያለ ነው፤ መጋል ግን የለበትም። ሞልቶ አረንጓዴ ሲል ንቀለውና ሰዓት ያህል ቆይተህ ቮልቱን እይ። 83 እና 84 መካከል ቆሞ ከጠበቀህ ጥሩ ነው። ማደሩን አስተውል፤ ሳትነዳው በአንድ ሌሊት ብዙ ቮልት ከጣለ የሚያፈስ ነገር አለ።

አነዳዱም ቀስ ይበል። መጀመሪያ ግድግዳ ይዘህ ወዲያ ወዲህ በልበት። ከዚያ መኪና የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ አድርገህ፣ ከሶምሶማ ሩጫ ሳትፈጥን ንዳው። ያልለመድከው ንዝረት፣ አዲስ ጩኸት ወይም የፔዳል መዝለል ካለ ውረድ። ጥቂት ጊዜ ሞልተህ ጨርሰህ ምንም ካላየህ ወደ ልማድህ ተመለስ። ቁልቁለት ግን በመጨረሻ ይሁን። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ባትሪው መልሶ ይሞላል፤ ሙሉ ባትሪ ይዞ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ጤነኛ ማሽንም ያስጨንቃል። ከእንጦጦ አናት ሙሉ ቻርጅ አድርገህ እንዳትነሳ።

ስለ መከላከል ብዙ አልልም። ስታቢላይዘር ጥሩ ነው ግን ቀርፋፋ ነው፤ አጭሩን ምት አይዝም። ካንተ ዓይነቱ ምሽት የሚያድነው ቮልቴጅ ከመጠን ሲያልፍ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው ይሆናል። ምት የሚከላከል ዲቫይደር ያለ አርዝ ግማሽ ሥራውን አይሠራም፤ የቤትህ ሶኬት አርዝ እንዳለው አስፈትሽ። ከሁሉም የሚረክሰው ደግሞ መብራት ሲሄድ መንቀል፣ ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምርም መንቀል ነው። ከዚህ በላይ ግን የቤታችሁ ኒውትራል ይታይ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ ያለውን ማሰሪያ ይፈትሽ፤ ከቆጣሪው ውጪ ያለውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ከጎረቤትህ ጋር ሆናችሁ ብታመለክቱ ይሻላል። አምፖል ከመጠን በላይ ሲደምቅ ወይም አንዱ ደምቆ ሌላው ሲደበዝዝ ካያችሁ ምንም ሳታጣሩ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። የላላ ኒውትራል ሳይታሰር አዲስ ቻርጀር ብትሰካ ያው ታሪክ ይደገማል፤ ቀጥሎ የሚሄደው የእናታችሁ ፍሪጅ ሊሆን ይችላል።

ከመለካትህ በኋላ ሦስት ነገሮች ጻፍልኝ። የፊውዙ ብርጭቆ ንጹሕ ነው ወይስ የጠቆረ? የማሽኑ ቻርጅ ጃክ ስንት ቮልት ያነባል? አዲሱ ወይም የተጠገነው ቻርጀር ባዶውን ስንት ይሰጣል? ሦስተኛው ቁጥር ከ84.5 በላይ ከሆነ ማሽኑ ላይ ሳትሰካው ጻፍልኝ።